ርዕሰ መምህሩና አዲሱ ፕሮሰሰር

አንድ ርዕሰ መምህር በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበሩ፤ ስማቸው አቶ ልሳነወርቅ ይባላል። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትፈርዱባቸው። ጠዋት ከዘበኛው ቀድመው ይገባሉ፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ፣ የተሰበረ ዴስክ ካዩም መዶሻ ይዘው ራሳቸው ይጠግናሉ። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው። ነገር ሲበላሽ የሚቀየር ሰው ወይም ዕቃ ይፈልጋሉ። ደወል ከዘገየ ደዋዩ ይቀየር፣ ጎል ከገባ በረኛው ይቀየር ባይ ናቸው።

በትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር ቢሮ አንድ ኮምፒውተር አለ። ለብቻው የሚቀመጥ ሣጥን የለውም፤ ሆድ ዕቃው ሁሉ ከስክሪኑ ጀርባ የታጨቀ፣ ስስና ቀጭን ዓይነት ነው። የቀድሞ ተማሪዎች አዋጥተው የሰጡት ስጦታ በመሆኑ አቶ ልሳነወርቅ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። በመጣ በሳምንቱ ባለቤታቸው ልኩን አስለክተው፣ በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ዳንቴል፣ ከሥሩ ወፍራም ገበር ያለው፣ አልብሱት ብለው ላኩ። መቼስ በእኛ አገር የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ቴሌቪዥኑም ይለብሳል፣ ሬዲዮውም ይለብሳል። ይህም ለበሰ። ዳንቴሉ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይወርዳል። ሥራ ሲጀመር የፊቱ ብቻ ወደ ላይ ይገለብና አናቱ ላይ ይደረባል። አቶ ልሳነወርቅ አቧራ እንዳይገባበት ማንም እንዳያነሳው ብለው አዘዙ።

በኮምፒውተሩ የምትሠራው ትርንጎ ናት። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የተማሪውን ስም እስከ አያቱ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ማስረጃ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ስታ አታውቅም። የዚያን ዓመት ግን ኮምፒውተሩ ያንቀላፋ ጀመር። አንድ ገጽ ለመክፈት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል። ይግላል፣ ያጓራል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋና ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞት ይሄዳል። ትርንጎ እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ከመስኮቱ ውጪ ለኮሌጅ ምዝገባ ማስረጃ የሚጠብቁ ልጆች ይሰለፋሉ። ወላጅ ይቆጣል፤ ቁጣውም ተሻግሮ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይደርሳል።

አቶ ልሳነወርቅ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀና ሁለት ነገር ወሰኑ። የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር፣ ያው አንጎሉ ማለት ነው፣ በኃይለኛ ይቀየር የሚል ነው። ሁለተኛው ትርንጎ ትቀየር የሚል ነው። ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ሠራተኛዋ ሥራ ስለምታጓትት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትዛወርልን ብለው ጻፉ። ደብዳቤውን ያስተየቡት ውጪ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የራሷን መባረሪያ ራሷ እንድትተይበው መስጠቱ ከብዷቸዋል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለምና ትርንጎ በማግስቱ ሰማች። ትዛወርበታለች የተባለው ትምህርት ቤት መኪና የማይገባበት ገጠር ነው። ቤቷ ደግሞ አልጋ ላይ የዋለች እናት አለቻት፤ የምታገላብጣትም የምታጎርሳትም እሷው ብቻ ናት። ከሄደች እናቷን ማን ያይላታል? ከቀረች ሥራዋን ለቀቀች ማለት ነው። ቅስሟ ስብር አለ። ቢሆንም ርዕሰ መምህሩ ፊት ቀርባ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፣ እንደ ወትሮዋ እየገባች ሥራዋን ትሠራለች።

ፕሮሰሰሩን እንዲቀይር የተጠራው ሸምሱ ነው። ከተማው ኢንጂነር ይለዋል እንጂ ከሬዲዮ ጠጋኝነት ተነስቶ በራሱ ጥረት እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ከአቶ ልሳነወርቅ ጋር በልጅነታቸው አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ስለተጫወቱ አንተ ተባብለው ነው የሚያወሩት። ሸምሱ ኮምፒውተሩን ሱቁ አስመጥቶ፣ ከመቀየሩ በፊት ምን እንደሆነ ልየው ብሎ ለመናቸው። ይህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ገላው ስስ ነው፣ መተንፈሻው ጠባብ ነው፣ ኃይለኛ ፕሮሰሰር ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት አለው፣ ይቅርብህ አላቸው። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንተ የታዘዝከውን ሥራ፣ ምርመራውን ለሐኪም ተወው ብለው አሾፉበት።

ፕሮሰሰሩ ከዋናው ከተማ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣ። ሸምሱ ገጠመው። ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ቀን ሲሞከር ኮምፒውተሩ እንደ ልብ ሠራ፤ አቶ ልሳነወርቅም አይተው ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ወደ ቢሮ አስመለሱት፣ በእጃቸው ዳንቴሉን አለበሱት፣ የፊቱን ገልበው አናቱ ላይ ደረቡትና ለትርንጎ እንግዲህ አሁን እንተያያለን ብለዋት ወጡ።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ጥሩ ሠራ። ከዚያ ይግል ጀመር። ለምሳ ሳይወጡ ድርግም አለ። ተነሳ፣ አሁንም ድርግም አለ። በማግስቱ ከድሮውም ባሰና ሩብ ሰዓት መቆየት አቃተው። መስኮቱ ጋ አርባ ልጅ ተሰልፏል። አቶ ልሳነወርቅ ጫጫታውን ሰምተው መጡና ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ተናገሯት።

«አንጎሉን ቀይሬልሽ እንኳን አልሆነም። አሁንስ ምን ሰበብ አለሽ?»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ከተሰለፉት ልጆች አንዳንዶቹ በሃፍረት ወደ መሬት አዩ፤ ስማቸውን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናትና።

ሸምሱ ተጠራ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ወደ ሱቅ ይምጣ አላለም፤ የሚሠራበትን ቦታ ማየት አለብኝ ብሎ ራሱ መጣ። ገባ፣ ቆመ፣ አየ። እጁን ከዳንቴሉ ሥር ሰደድ አደረገና ቶሎ መለሳት። ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻዬን ተዉኝ ብሎ ሁለቱንም አስወጣቸው።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ጉርምርምታው የለም። ትርንጎ ተቀመጠች፣ አንድ ማስረጃ ሠርታ አተመች፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አሥረኛ። አንድም ጊዜ አልጠፋም፤ መስኮቱ ጋ የነበረው ሰልፍ እያጠረ ሄደ። አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ፊታቸው በርቶ ጥቂት ተንጎራደዱ።

«አየህ ሸምሱ? ዋናው ነገር መቀየር ነው ያልኩህ ይኼን ነው።»

ሸምሱ ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው።

«ያስመጣኸው ፕሮሰሰር ይኸውልህ። አሁን እየሠራ ያለው የድሮው ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩ። ሸምሱ ከወንበር ላይ ታጥፎ የተቀመጠውን ዳንቴል አሳያቸው፤ ከማራገቢያው ላይ ጠርጎ ያወጣውን አቧራና የክር ብናኝም በጋዜጣ ላይ አሳያቸው፤ በሁለት ቀን ብቻ የገባ ነው። ከዚያ ሳይቆጣ ሳይስቅ አስረዳቸው። ኮምፒውተሩ የሚተነፍሰው በጀርባውና በአናቱ በኩል ነው። ይህ ወፍራም ልብስ አፍኖታል። ሱቅ ውስጥ ደህና የሠራው ራቁቱን ስለነበረ ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር ደግሞ ከድሮው ይበልጥ ስለሚግል ቶሎ ታፈነ።

«ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል» አለ ሸምሱ። «ሰንፎ አይደለም፤ እንዳይሞት ነው የሚዘገየው።»

አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ አፈሩ። ሰው ሲያፍር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀናው ቁጣ ነውና ወደ ትርንጎ ዞሩ። አንቺ በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጠሽ፣ ሙቀቱን እያየሽ፣ ለምን አልነገርሽኝም አሉ።

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሳች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ድሮ፣ ገና መጋል ሲጀምር፣ ዳንቴሉን አንድ ቀን ገልጣው እንደነበር አስታወሰቻቸው። እሳቸው በዚያ ሲያልፉ አይተው፣ ይሄ እኮ የባለቤቴ እጅ ሥራ ነው ብለው በገዛ እጃቸው መልሰው አወረዱት። ከዚያ በኋላ ይሉኝታ ያዛት። የአለቃ ሚስት የደከሙበትን ነገር ይነሳልኝ ማለት ቀላል ነው?

«ደግሞም ጋሼ» አለች፣ «ዘገየሽ ብለው ይቆጡኛል እንጂ፣ ምን አዘገየሽ ብለው አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ይቺ ቃል ገባቻቸው። አቶ ልሳነወርቅ ለእንግዳ የተቀመጠችው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። የዘጠኝ ዓመት ሥራዋ፣ አልጋ ላይ ያለች እናቷ፣ ልጆች ፊት ያዋረዷት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባቸው። ደብዳቤው ወረዳው ዘንድ ነው፤ ዝውውሩ በማግስቱ ይጸድቃል ተብሏል። ከመነሳታቸው በፊት ትርንጎን ደብዳቤ እንድትጽፍላቸው ለመኗት። ዝውውሩ ይሰረዝልን የሚል ነው። ትርንጎ ተቀመጠች፣ እሳቸው እየተናገሩ እሷ ትተይብ ጀመር። አድራሻው ተጻፈ፣ ጉዳዩ ተጻፈ። ከዚያ «ሥራው የተጓተተው በኮምፒውተሩ ብልሽት ምክንያት በመሆኑ» ብለው ቀጠሉ።

የትርንጎ ጣቶች ቆሙ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አልተበላሸም።»

ሸምሱ ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ይከት ነበር፤ እሱም ቆመ። አቶ ልሳነወርቅ በመስኮቱ ወደ ውጪ አዩ። የመሥሪያ ቤት ሰው አይደሉ? ለእንዲህ ዓይነት ቀን የሚሆን ቃል አያጡም። እሺ፣ ሁኔታዎች ባለመመቻቸታቸው በይው አሉ። ትርንጎ አልተየበችም። አልተከራከረችም፤ እጇን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገች አየቻቸው። እሳቸውም ከአፋቸው የወጣውን ቃል ሰሙትና ራሳቸውን ታዘቡት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መስኮት የሰበረ ልጅ ሲመጣባቸው «ተሰበረ አትበለኝ፣ ሰበርኩት በል» እያሉ ያሳደጉ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ ተናገሩ።

«ጻፊ። ሥራው የተጓተተው በእኔ፣ በርዕሰ መምህሩ ጥፋት ነው። ሠራተኛዋ ምንም ጥፋት የለባትም።»

ትርንጎ ጻፈችው። ስትጽፍ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊደሉ ቢደበዝዝባትም እንደ ልማዷ አንድ ፊደል አልሳተችም። አቶ ልሳነወርቅ ፈረሙ፣ ማህተም መቱ፣ ለመልእክተኛ ሳይሰጡ ራሳቸው በእግራቸው ወረዳው ድረስ ወሰዱት። የወረዳው ኃላፊ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ በዚህ ቢሮ ስሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው አሏቸው። ዝውውሩ ቀረ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የዘገየ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አንዳንዱ የሚዘገየው እኛ የጫንንበትን ተሸክሞ ላለመውደቅ ነው። የጫንንበት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ በፍቅርም በክብርም እናፍናለን። መቀየር የሚቀናን መጠየቅ ስለሚከብደን ነው፤ ከጠየቅን ጥፋቱ ዞሮ እኛው ጋ ሊመጣ ይችላላ። ፕሮሰሰር መቀየር ሸምሱን ያህል ሰው ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አቶ ልሳነወርቅን ያላባቸው ግን ያቺ «በእኔ ጥፋት» የምትለው ቃል ናት።

ከቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ «እሱ እኮ ዘገምተኛ ነው»፣ «እሷ እኮ አትረባም» የምትሉት ሰው ማን ነው? ዛሬ ሄዳችሁ ምን እንዳዘገየው ብትጠይቁት፣ መልሱ የእናንተን ስም ቢጠራ፣ ትጽፉታላችሁ?