ዶሮዎቹ ቁርስ እምቢ ያሉ ዕለት

ድሮ፣ ያ ድሮ ራሱ ገና ልጅ ሳለ፣ ፀሐይ እንኳ ተሹለክልካ በምትገባበት የደን አገር ኪምብሪ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ጋሪ፣ ሀብታቸው ከብት። ሮማውያን መጥተው ይወጓቸዋል፤ እነሱም ይዋጋሉ፣ ሙታናቸውን ይቀብራሉ፣ ጋሪያቸውን ይነዳሉ።

አንድ ቀን የሞላ ወንዝ መንገድ ዘጋባቸው። ከኋላ ደግሞ የሮማ ጦር ደርሶ ኮረብታው ላይ ሰፈረ። ጎረምሶቹ በውጊያ አልቀው የቀረው ቁስለኛና ሕፃን ነው። የጎሣው አዋቂ አሮጊቷ እማማ ጊስላ ውሃውን አዩና፣ «ነገ ቀትር ላይ ይጎድላል። ጠዋት ከመጡብን ግን ነፍስ አይተርፍም» አሉ።

ይሄኔ ቀበሮ ከጫካው ብቅ አለች።

«እማማ፣ እኔም ጭንቅ ላይ ነኝ። ሮማውያኑ ለአጥራቸው ዛፍ ሲቆርጡ ጉድጓዴ ደጃፍ ደርሰዋል። ልጆቼን የት ላድርጋቸው?»

«ጋሪዬ ላይ ጫኛቸው። አንቺ ግን ዶሮዎቻቸው ዘንድ ሂጂልኝ።»

«ዶሮ? ኧረ በደስታ!»

«ልትበያቸው አይደለም፣ ልታበያቸው ነው።»

«እማማ፣ ዕድሜ ተጫጫነዎት እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮማውያን ከመዋጋታቸው በፊት ጠዋት ጠዋት ለተቀደሱ ዶሮዎች እህል ይበትናሉ። ከበሉ አማልክት ፈቅደዋል፤ እምቢ ካሉ ያን ቀን ሰይፍ አይመዘዝም። የዶሮ ጠባቂው ደግሞ አራዳ ነው፤ አለቃውን ለማስደሰት ዶሮዎቹን ጦማቸውን ያሳድራቸዋል። የራበው ዶሮ መቼም እምቢ አይል!

ሮማውያን በሰፈሩበት ሁሉ መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር ልማዳቸው ነው። አመሻሹ ላይ ሁሉም አጎንብሶ ሲቆፍር፣ ቀበሮ እማማ የሰጧትን የገብስ ከረጢት ነክሳ ሹልክ ብላ ገባች። ዶሮዎቹ ሊንጫጩ ሲሉ ከረጢቱን ዘረገፈችና፣

«ዝም በሉ! እራት ነው ያመጣሁላችሁ» አለች።

«እራቱ እኛው አይደለን?» አለ አውራው።

«ዛሬስ አይደላችሁም። ሐሳቤን ሳልቀይር ብሉ!»

ርሃብ ፍርሃትን ጣለውና መልቀም ያዙ። ቀበሮ ምራቋን እየዋጠች ቆመች። አንዷ ወፍራም ዶሮ እየለቀመች እየለቀመች አፍንጫዋ ሥር መጣች። የቀበሮ አፍ ተከፈተ። ጋሪው ላይ ያሉት ልጆቿ ትዝ አሏት። መልሳ ዘጋችው።

ጠዋት ጠባቂው እህል በተነ። ዶሮዎቹ ጀርባቸውን ሰጡት። ደግሞ በተነ፤ አውራው አዛጋ።

«ብሉ እንጂ፣ እናንተ ጉዶች!»

ጦማቸውን እንዳሳደራቸው ያውቃልና ከሠራዊቱ ሁሉ አብልጦ የተንቀጠቀጠው እሱ ነው። አዛዡም ገርጥቶ፣ «አማልክት ተቆጥተዋል! ዛሬ ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» አለ።

ቀትር ላይ ውሃው ጎደለ። ጋሪዎቹ እየተንቋቁ ተሻገሩ። መጨረሻው ጋሪ ላይ እማማ ጊስላ፣ ቀበሮና ልጆቿ ነበሩ። ማታ ዝናብ ወርዶ ወንዙን መልሶ ሞላው። በማግስቱ ዶሮዎቹ በሉ፣ ሠራዊቱም እየፎከረ ወረደ። ያገኘው የመንኮራኩር ዱካና አመድ ብቻ።

«ምን ታስቢያለሽ?» አሏት እማማ ጊስላ ቀበሮን።

«ያቺ ወፍራሟ ከዓይኔ አልጠፋ ብላ ነው።»

ቀበሮ እስከ ዛሬ የዶሮ ቤት የምትዞረው ያን የተወችውን እራቷን ፍለጋ ነው አሉ። ለእኛም ይህችን ትታልናለች፦

ጦር ያልመለሰውን ሠራዊት፣ የጠገበች ዶሮ ትመልሰዋለች።