በቢላ ያልተፈታው የዘርጋው ቋጠሮ

ነገሩ የቆየ ነው። ጉልማ ገበያ እንጂ ከተማ ያልነበረችበት፣ የሸንቆ ወንዝም በየክረምቱ ሰው ሳይበላ የማያልፍበት ዘመን ነው። እኔ አልደረስኩበትም፤ ቆሞ ያየው አባቴ ነው የነገረኝ። እሱ ያላለውን አልጨምርም።

በዚያ ዘመን ዘርጋው የሚባል ገመድ ሻጭ ነበር። አንቱ ባልለው አትቀየሙኝ፤ እሱም አንቱ በሉኝ ብሎ አያውቅም። ቃጫ ይገዛል፣ ይገምዳል፣ ይሸጣል። ከመሸጡ በፊት አንዱን ጫፍ ለገዢው ይሰጥና "ሳብ!" ይለዋል። ከተበጠሰ አይሸጠውም። እንዲህ እያለ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁም ቆርቆሮ ለበሰ። ሰውም አመነው።

አንድ ዓመት የሕዝብ እንደራሴ ይመረጥ ተባለ። ሰው ሁሉ "ዘርጋው፣ አንተ ግባልን" አለው። ተፎካካሪው ባለ ብዙ መሬቱ ግራዝማች ይልቃል ነበሩ። ማንበብ የማይችለውም እንዲለያቸው ምልክት ያዙ። ግራዝማች ሰንጋ በሬ ያዙ። ዘርጋው ገመድ ያዘ።

ግራዝማች ገበያ መሃል ቆሙ። "እናንተ ሰዎች፣ ገመድ የያዘ ሰው ምን ሊያደርግ ነው? ሊያስራችሁ ነዋ!" አሉ። ገበያው ሳቀ። ፈራ ያለም ነበር።

ዘርጋው እጅ ነሣ። "ግራዝማች፣ የእርስዎንስ ሰንጋ ያለ ገመድ ማን ይነዳዋል?" አለ። ገበያው ሳቁ ባሰበት። ከዚያ አንድ ረጅም ገመድ ዘረጋ። "እኔ አላስራችሁም፤ እናንተ ቋጥሩብኝ። ያስፈቀድኩትን እፊታችሁ እፈታለሁ" አለ።

ቋጠሩ። አንዱ ለሐኪም ቤት፣ አንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዱ ለውሃ ጉድጓድ፣ አንዱ ለመኪና መንገድ። አምስተኛውን እመት አሰገደች የሚባሉ ባልቴት ቋጠሩት። "ሸንቆ አንዷን ልጄን በልቶብኛል። ሌላዋን ማዶ ድሬያታለሁ። እሷን ሳይደግመኝ ድልድይ አምጣልኝ" አሉና በጥርሳቸው ጎትተው አጠበቁት።

ዘርጋው ተመረጠ። አዲስ አበባ ወረደ። ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ዞረ። አንድ ዘበኛ በር ላይ ያዘው።

"ምንድነው ይሄ? እዚህ ልትሰቀል ነው?"

"ገና ነው ወንድሜ፤ መጀመሪያ ነገ ና ይበሉኝ እንጂ።"

እውነትም ነገ ና አሉት። ሄደ። ነገ ና አሉት። ሄደ። ክረምት ገባና ሌሎቹ እንደራሴዎች ለዕረፍት አገራቸው ገቡ፤ እሱ ቀረ። ሐምሌን ዝናብ ላይ ቆመ፣ ነሐሴን ዝናብ ላይ ቆመ።

በመጨረሻ አንድ ሹም አስጠሩት። "ድልድዩ በግራዝማች እርሻ በኩል ይሁን። ለአንተም እዚህ የቤት ቦታ አለልህ" አሉት። የግራዝማች እርሻ ከጉልማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዘርጋው የገመዱን ጫፍ አቀበላቸው።

"ጌታዬ፣ እስቲ ይሳቡ።"

ሳቡ። የድልድዩ ቋጠሮ ንቅንቅ አላለም።

"የቋጠሩት አንዲት ባልቴት ናቸው። ለእሳቸው ምን ልበል?"

ሹሙ ጫፉን መለሱለት። ጳጉሜን ላይ ወረቀቱ ማኅተም ተመታበት፤ ድልድዩም እንደ ሐኪም ቤቱ፣ እንደ ትምህርት ቤቱና እንደ ጉድጓዱ ለጉልማ ተፈቀደ።

መስከረም ጠባና ዘርጋው ተመለሰ። ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የሐኪም ቤቱን ፈታ። የትምህርት ቤቱን ፈታ። የጉድጓዱን ፈታ። "መንገዱ አልሆነልኝም" አለና እንደተቋጠረ ተወው። ከዚያ የድልድዩን ያዘ። አልፈታ አለው። ታገለ፤ አልፈታ አለው። ውሃ የጠጣ ቃጫ ያብጣል፤ ጥርስ የነካው ቋጠሮ ደግሞ ይብሳል። ገመድ ሻጭ ሆኖ ገመዱን ከዝናብ አላስጠለለም ነበር።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። "ድልድዩ ውሸት ነው" አለ አንዱ። ወረቀቱን ቢያሳይ ማን ያንብበው? እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር እዚህ ስደርስ አሁንም ልቤ ይመታል።

ግራዝማች ቢላቸውን መዘዙ። "እንካ፣ ቁረጠውና እንረፍ!"

ዘርጋው አልተቀበለም። "እመት አሰገደች የቋጠሩትን እኔ አልቆርጥም። ወንዙ ዳር ይሰቀል። ድልድዩ ካልመጣ ስሜን ቁረጡት" አለ።

ሰቀሉት። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፤ ድልድይ ሊሠራ የመጣ ሰው የለም። ልጆች ሳይቀሩ "ገመዱ!" እያሉ ጠሩት። ዘርጋው አንገቱን ደፍቶ ቃጫውን ይገምዳል። ጥር ላይ ብረት የጫኑ መኪናዎች መጡ። ግንቦት ሲያልቅ ድልድዩ ቆመ።

ያን ቀን ዘርጋው ገመዱን አውርዶ ለእመት አሰገደች ሰጣቸው። ስምንት ወር ፀሐይ በልቶታል። ሁለት ጣታቸውን አስገቡ፤ ቋጠሮው ለቀቀ። ቀና ሲሉ ልጃቸው ሕፃኗን አዝላ፣ እግሯ ሳይረጥብ፣ በድልድዩ ላይ ትመጣለች። አባቴ እንዳለኝ ያን ጊዜ ሕዝቡ "እፎይ!" ያለው ድምፅ ከሸንቆ ድምፅ በለጠ።

ለዚህ ነው እኛ ጉልማዎች የቸኮለ ሰው ስናይ "የዘርጋው ቋጠሮ በቢላ አይፈታም" የምንለው። ለዚህ ነው የዕድር ዳኛ እንኳ ብንመርጥ፣ ከምርቃቱ በፊት ያንኑ ገመድ የምናሸክመው። የመንገዱን ቋጠሮ ሦስተኛው ተመራጭ ፈታው። እኛም ገመዱ ባዶውን እንዳይውል በዚያው ቀን ሌላ ቋጠርንበት።