ለአዞ ጥጃ የለንም

አንድ ጊዜ፣ ልጅም ሁኑ ሽማግሌ ስሙኝማ፣ ማዳጋስካር በምትባለው ደሴት ሩዝ እያበቀሉ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። ዳክዬዋ ተባይ ትለቅማለች፣ ጅግራዋ ወፍ ታባርራለች፣ ከብቶቹ ደግሞ ማሳው ውሃ ሲጠጣ ገብተው ጭቃውን ይረግጣሉ። በዚያ መንደር ማረሻ የለም፤ የሚያርሰው ሰኮና ነው።

አንድ ዓመት አያ አዞ ከወንዙ ወጣና የመስኖው ቦይ አፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተጋደመ። ያ ሁሉ ቦርጭ ተዘርግቶ ውሃ ከየት ይለፍ!

«ውሃ የፈለገ ጥጃ ያምጣ!» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ።

በመንደሩ ያለችው ጥጃ አንዲት ብቻ ናት፤ ማቮ የምትባል ቡላ ላም ገና ባለፈው ወር የወለደቻት። የሩዙ ችግኝ ደግሞ መደቡ ላይ እየቀላ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተተከለ ዓመቱ ረሃብ ነው።

ሽማግሌው በሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማቮ ልጄ፣ ምን ይደረግ? ለአንድ ጥጃ ብለን መንደር አናስፈጅ። አንቺ እንደሆንሽ ሌላ ትወልጃለሽ።»

ማቮ ደሟ ፈላ። «አዬ አባባ! እርስዎ ስለማይወልዱ ቀለለዎት! ዘንድሮ የእኔን ከበላ ለከርሞ የማንን ሊበላ ነው? አልሰጥም ብያለሁ፣ አልሰጥም!»

«እሰይ!» አለች ዳክዬዋ፤ በሬው ዞር ብሎ ሲያያት ግን ምንቃሯን ክንፏ ውስጥ ሸጎጠች።

ማቮ ብቻዋን ወደ ቦዩ ሄደች። አንገቷን አልደፋችም።

«አያ አዞ፣ ጥጃዬን እየነዳሁ አላመጣልህም። ወንድ ከሆንክ ማሳው ድረስ ና!»

«ምን ገዶኝ!» አለ አዞው፤ ለሃጩን እያዝረበረበ ተነሣ። የሆዳም ነገር! ሲነሣ ቦዩን እንደከፈተው ልብ አላለም። እሱ እየተሳበ ወረደ፣ ውሃውም ከኋላው ወረደ።

አዞው ማሳው መሃል ሲደርስ ውሃው እግሩ ሥር ተንጣለለ። ማቮ ጥጃዋን ከኋላዋ ከልላ «ውሃ ገባ! እርገጡ!» ብላ ጮኸች። ከጥጃነታቸው የለመዱት ነውና ከብቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ማሳውን ሞሉት። ሽማግሌውን በሬ እንኳ ሳያስበው እግሩ ይዞት ገባ።

«ኧረ ወገቤን! ኧረ አቁሙ!» አለ አዞው።

«ጓሉ ሳይላላ እርገጣ አይቆምም!» አለች ማቮ፤ ጀርባው ላይ ደገመችው።

አዞው አፍንጫው በጭቃ ተደፍኖ፣ ጅራቱን እየጎተተ ወንዙ ውስጥ ገባ። ወደ ቦዩም ዳግመኛ ዝር አላለም።

ችግኙ በተተከለ ማግስት ሽማግሌው በሬ ወደ ማቮ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለመንደሩ ብዬ ነው።»

«ጥጃዬስ የየት መንደር ናት፣ አባባ?» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሆዳም የጎረቤቱን ልጅ አሳልፎ የሚሰጥ ሁሉ ለራሱ ልጅ ወረፋ እየያዘለት መሆኑን ነው።