ከመስመሩ በፊት የተለቀቀው ኳስ

አንድ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ነበር። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ እየሮጠ በሜዳው ጫፍ የተሰመረውን መስመር ካለፈ ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። ሳያልፍ ኳሱ ከእጁ ከወጣ ግን ነጥብ የለም፤ ኳሱም ቀድሞ ላነሳው ነው።

በቡድኑ ውስጥ ዳሪየስ የሚባል ፈጣን ሯጭ ነበር። ኦቲስ የሚባል ግዙፍ ጓደኛም ነበረው። ኦቲስ ኳስ ይዞ አያውቅም፤ ሥራው ተጋጣሚዎችን በትከሻው እየገፋ ለዳሪየስ መንገድ መክፈት ነው።

የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ቡድኑ በጥቂት ነጥብ እየተመራ ነበር። ኦቲስ ሁለት ሰው ላይ ተወርውሮ መንገድ ከፈተ፤ ዳሪየስም በዚያች ክፍተት ሾልኮ ወጣ። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ ጮኸ። ዳሪየስ ወደ ሕዝቡ ዞር አለ፣ ኳሱን እንደ ዋዛ ከእጁ ለቀቀና መጨፈር ጀመረ።

መስመሩን ለማለፍ ግን ገና አንድ እርምጃ ይቀረው ነበር። ተስፋ ሳይቆርጥ ከኋላ ሲከተለው የነበረ ተጋጣሚ ኳሱን አፈፍ አደረገው። ዋንጫውም የሌሎቹ ሆነ።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል ዳሪየስ ፎጣ ተከናንቦ ተቀመጠ። አሰልጣኙ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ለምን ለቀቅከው?»

«ያለፍኩ መስሎኝ ነው፣ አሰልጣኝ።»

«መስመሩን አይተኸው ነበር?»

«ሕዝቡን ነበር የማየው» አለ ዳሪየስ።

«እንግዲያው አሁን ኦቲስን እየው።»

ኦቲስ ጥግ ላይ ጥርሱን ነክሶ ትከሻውን ያሳሽ ነበር። ዳሪየስ ሄዶ «ይቅር በለኝ» አለው።

«አንተ ስትሮጥ እኔ መሬት ላይ ተዘርሬ ነበር» አለ ኦቲስ። «ጩኸቱን ስሰማ ያለፍን መስሎኝ ደስ አለኝ።»

ዳሪየስን ከስድብ ይልቅ ይህ አንገበገበው።

በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ስለ ጥንቃቄ አልሰበከም። አንድ ደንብ ብቻ አወጣ፤ መስመሩን ያለፈ ሰው ኳሱን አይጥልም፣ አይወረውርም፣ ተመልሶ መንገድ ለከፈተለት ሰው በእጁ ያስረክባል። በልምምድም ቢሆን እንዲሁ። አንዳንዶቹ «ምን የልጅ ጨዋታ ነው!» ብለው አጉረመረሙ። ዳሪየስ አላጉረመረመም።

በመጀመሪያው ጨዋታ እንደገና ሾልኮ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። እሱ ግን ኳሱን ደረቱ ላይ እንዳጣበቀ መስመሩን አለፈ፤ ከዚያም ተመልሶ አቧራውን እያራገፈ ለሚነሳው ኦቲስ ሰጠው። ኦቲስ ኳሱን አገላበጠና ሳቀ።

«ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቡድን ኳስ ከመስመሩ በፊት የለቀቀ የለም።

መንገዱን ሁሉ ጨርሶ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚወድቅ ብዙ ነው፤ ጭብጨባ ከመድረስ ይቀድማልና። የያዘው ነገር የብቻው አለመሆኑን የሚያውቅ ግን እስኪያስረክብ ድረስ እጁን አይፈታም። እናንተስ፣ በእጃችሁ ያለውን ይዛችሁ እንድትሮጡ መሬት ላይ የተዘረረላችሁ ማን ነው?