ውርጭ የያዘው መረብ

አንድ ሐይቅ ነበረ፤ ከደጋም ደጋ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ተራራ ላይ። የውርጭ ወራት ሲገባ ውሃው ከላይ ቆዳ ያወጣል። የበረዶ ቆዳ። በዳርቻው የሰፈሩት ሰዎች ገብስም ይዘራሉ፤ ኑሯቸው ግን ዓሣው ነው። የገብሱን ነገር ውርጩ ያውቃል ይላሉ።

አያቶቻቸው አንድ ልማድ ትተውላቸው ነበር። በውርጭ ወራት መረብ ከውሃ ወጥቶ አያድርም። ዓሣውን እዚያው ታንኳው ላይ ለቅመው መረቡን ወዲያው ይመልሱታል። ጎሕ ሲቀድ ባለ ተራው ይወርድና በረዶውን በዘንግ ይሰብራል፤ የእያንዳንዱን መረብ ገመድ ሳብ ለቀቅ ያደርጋል፣ ከበረዶው ጋር እንዳይጣበቅ። ይህን ሥራ «ቅስቀሳ» ይሉታል። ተራው ከቤት ቤት ይዞራል። ሀብታም ነኝ፣ ድሃ ነኝ የለም።

ኋላ ግን ውርጩ የለዘበባቸው ዓመታት መጡ። ሰው ማለዳ መነሣት ሰለቸው። «መረብ ሀብት ነው፤ ሀብት ቤት ይደር» አሉና መረባቸውን እያወጡ አጥራቸው ላይ ያሰጡት ጀመር። ብርዱ ለዘብ ስላለ መረቡም ምንም አልሆነ።

አንጓች የምትባል አንዲት ባልቴት ብቻ ቅስቀሳውን አልተወችም። ሟች ባሏ የተወላትን መረብ ከውሃ አላወጣችም። በየማለዳው ዘንጓን ይዛ ስትወርድ የአስጋሪዎቹ አለቃ ቢያድግልኝ ከደጁ ቆሞ ይቀልድባታል።

«እትዬ አንጓች፣ ሐይቁን ምን ያስቀሰቅስዎታል? ቅዳሴ ይረፍድበታል?»

«አንተን ብቀሰቅስህ ስለማትነሣ ነው» ትለዋለች። ሥራዋንም ትሠራለች።

አንድ ዓመት እውነተኛው ውርጭ ተመለሰ። ገብሱን በእሸቱ ፈጀው። አጥር ላይ ያደረው እርጥብ መረብ ሁሉ እንደ ሳንቃ ተገትሮ ተገኘ። ቢያድግልኝ ጉልበተኛ ነውና የራሱን በዱላ ደበደበው፤ በረዶው ረገፈ፣ ቃጫውም አብሮ ተበጠሰ። ጎረቤቱ የእርሱን ለእሳት ቢያስጠጋው ጠቆረና ተኮማተረ።

አንጓች ይህን አይታ፣ «ወደ ውሃው መልሱት» አለች።

«በውሃ የደረቀ በውሃ ሊድን ነው?» አለ ቢያድግልኝ። ወንዶቹ ሳቁ። መረቡም አጥር ላይ ቀረ።

ሰው ከየጎተራው ሥር የቀረውን ጠርጎ በላ። የአንጓች መረብ ይይዝ ነበር፤ የያዘውንም ለሕፃናትና ለሕመምተኞች ታካፍላለች። አንድ መረብ ግን መንደር አያጠግብም። በዚህ መካከል የቢያድግልኝ ሚስት ወለደች። በቤቱ ለአራስ የሚሆን የገንፎ ዱቄት እንኳ አልነበረም።

የቆላው ባላባት ይህን ሰማ። በበቅሎ እህል አስጭኖ ወጣ።

«አዝኛለሁ» አለ። «መረባችሁ አጥር ላይ ሞቷል። ሐይቁን ልቀቁልኝ፤ እህሉን ውሰዱ። ከእንግዲህ ዓሣውን ለእኔ ታሰግራላችሁ።»

«የአባቶቻችን ሐይቅ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቢያድግልኝ።

«እንግዲያው አባቶቻችሁ ያብሏችኋ! እኔ እዚህ ብርድ ላይ አላድርም። ፀሐይ ሳትገባ ቃላችሁን ስጡኝ።»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እሺ ቢሉ ልጆቻቸው በገዛ ሐይቃቸው ሎሌ ይሆናሉ። እንቢ ቢሉ ልጆቹ አያድጉም። ቢያድግልኝ ወደ ውሃው ወረደ። አንጓች ዘንጓን ይዛ በረዶ ትሰብራለች።

«እትዬ» አለ፣ «ያን ለት ያሉኝ ነገር...»

«ምን ብዬህ ነበር?»

«አያድርቁኝ እንግዲህ። ያውቁታል።»

«እጅህን ክተት» አለችው። ከተተ። ትንሽ አቆየችውና «አውጣው» አለችው። አወጣው። ነፋሱ ጣቶቹን ነከሳቸው።

«የቱ ጋ ባሰህ?»

«ሳወጣው።»

«መረቡንም ያገኘው ይኸው ነው» አለች። «ከላይ የሚገድል ብርድ አለ። ውሃው ግን ከነፋሱ ይለዝባል። ሂድ፣ ሰዉን ጥራ። አትደብድቡት፣ አትጠፉት። እንደ ቃሬዛ አግድም ተሸክማችሁ አምጡት።»

መንደሩ ሁሉ የተገተረ መረቡን በትከሻው ተሸክሞ ወረደ። ባላባቱ አይቶ ሳቀ።

«የማን ቀብር ነው?»

«ጥምቀት ነው፣ ጌታዬ» አለች አንጓች።

እሷ በየማለዳው ከፍታ ባቆየችው ውሃ ውስጥ መረቡን አንድ በአንድ አስገቡት። መጀመሪያ እንደ ሳንቃ ቆመ። ከዚያ አንዱ ጠርዝ ጎንበስ አለ። ሌላውም ተከተለ። ቋጠሮዎቹ ላሉ፣ መረቡ ውሃው ውስጥ እንደ ጠጉር ተበተነ። አንዱ ሽማግሌ እልል አለ፤ ሴቶቹ ሳይቀድሙት። ወንዶቹ በታንኳ ገብተው በረዶውን ወደ መሐል እየሰበሩ መረባቸውን ዘረጉ። የቢያድግልኝ መረብ ግማሹ ተበጥሷል፤ በተረፈው ግማሽ አሰገረ።

ዓሣው ሳይነካ ከርሞ ነበርና ወደ መረቡ ገባ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳቡት። ተትረፈረፈ አይባልም፤ ለየቤቱ ግን ደረሰ። የአራሷ ድርሻ ቀድሞ ሄደ። መረቡም እዚያው ወደ ውሃው ተመለሰ። ወደ አጥሩ የወሰደው ሰው የለም።

ቢያድግልኝ ከነእርጥብ ልብሱ ባላባቱ ፊት ቆመ። ጠዋት የደፋውን አንገት ቀና አድርጎታል።

«ጌታዬ፣ እህልዎን እንደ መጣ ይመልሱት። እኛ ሐይቅ አንሸጥም።»

«ዛሬስ በላችሁ። ነገስ? ነገም እኮ ውርጭ ነው።»

«ነገማ» አለ ቢያድግልኝ፣ «ቅስቀሳው የእኔ ተራ ነው።»

እንግዳ ባዶ እጁን ከዚያ አገር አይሄድም። ከዓሣው ሁሉ ትልቁን መርጠው ለባላባቱ ሰጡት። ሐይቅ ሊገዛ የወጣው ሰው አንድ ዓሣ ተሸክሞ ወረደ። ሰዎቹም በሚያንጸባርቀው በረዶ ዳር ቆመው፣ ደረታቸውን ነፍተው ሸኙት።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው ያለውን ሁሉ ጎትቶ ወደ ቤት ያስገባል። ይጠበቅልኛል ይላል። ሙያ ግን የሚጠበቀው ሥራው ውስጥ ሲያድር ነው፤ ከሥራው የወጣ ሙያ ይገተራል። ተገትሮ ካገኛችሁት አትደብድቡት፣ እሳትም አታንድዱበት። በቀስታ ተሸክማችሁ ወደ ነበረበት መልሱት። በእጁ የሚኖር ሰው አንገቱን የሚያስደፋው የለም።

በእናንተስ ሰፈር፣ ነገ ማለዳ ገመዱን የሚቀሰቅሰው ማን ነው?