ጭራ ያልያዘች ልጅ

ተረት ልንገራችሁ? ንገረን በሉኝ። በሉ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ድሮ ድሮ፣ ቅሉም ቃጭሉም አፍ በነበረው ዘመን፣ ዳምጠው የሚባል ዝሆን ነበር። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት አለኝታ የምትባል አንዲት ልጅ ቀረችለት። ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ምንም አልነበረውም።

የሚኖሩት ከአንድ ኩሬ አጠገብ ነው። ኩሬው ግን የሚታመን አልነበረም። ዝናብ ሲጠፋ ይደርቃል። የማትደርቀው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ያለችው ምንጭ ብቻ ናት። ስለዚህ የዝሆኖች ወግ እንዲህ ነበር፤ ልጅ ከፍ ሲል፣ ክረምት በወጣ ቁጥር አባት ወደ ምንጯ ይዞት ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት ልጅ የአባቱን ጭራ በኩምቢው ይዞ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በሦስተኛው ዓመት ልጅ ከፊት፣ አባት ከኋላ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የልጁ ነው።

አለኝታ ከፍ አለች። ክረምትም ወጣ።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ጭራህን ይዤ እሄዳለሁ አይደል?» አለችው።

ዳምጠው እሾሁን አሰበ። በልጅነቱ እግሩ ቆስሎ ያለቀሰበትን ቁልቁለት አሰበ። ከልጅ ጋር ሲሄዱ ደግሞ ሁለት ቀኑ አራት ቀን ይሆናል።

«ይቅርብሽ የኔ ልጅ። አንቺ ጥላ ሥር ቆዪ፣ ጥሩ ነገር ይዤልሽ እመጣለሁ» አላት።

በመንገዱ ላይ፣ ነጋዴዎች በሚያድሩበት ሜዳ፣ ዛፍ መውጣት የሰለቻት አንዲት ጦጣ ነበረች። ነጋዴ ረስቶት የሄደውን ሁሉ ትለቅማለች፤ ዛፍ ነቅንቆ ፍሬ ላራገፈላት ትሰጣለች።

«አያ ዳምጠው፣ ልጅቷን ምን ያንከራትታታል? ይህን ቃጭል ውሰድላት። ጉዞውን ትረሳዋለች» አለችው።

ዛፉን ነቀነቀላት፣ ቃጭሉን ወሰደ። አለኝታ አንገቷ ላይ አሰረችው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጭል ዋለ። ማታ ግን «አባዬ፣ ምንጯ ምን ትመስላለች?» አለች።

«ውሃ ናት። ውሃ ምን ይመስላል?» አላትና ተኛ። ደክሞታል፤ አትፍረዱበት። ወይም ፍረዱበት፣ እንደፈቀዳችሁ።

በሁለተኛው ዓመት «አባዬ፣ ዘንድሮስ ጎን ለጎን?» አለችው። «ዘንድሮስ ከቃጭሉ የተሻለ አመጣልሻለሁ» አላት። ጦጣዋ መስታወት ሰጠችው። አለኝታ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ ከኋላዋ የቆመውን አባቷንም አየች። ደስ ብሏት ዞር ስትል አባቷ ሄዷል።

በሦስተኛው ዓመት አለኝታ አልጠየቀችም። ዳምጠው አለመጠየቋን እንደ ጨዋነት ቆጠረላት። በዚህ ዓመት ከጦጣዋ ቅል ተቀበለ፤ ከራሷ ከምንጯ ሞላውና አፉን በቅጠል ወተፈው።

«ይኸው፣ ምንጯን ራሷን አመጣሁልሽ» አላት።

ለዝሆን አንድ ቅል ውሃ ምኑ ነው? አንዴ ተጎንጭታ ጨረሰችው።

በአራተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። ኩሬው ደርቆ መሬቱ ተሰነጠቀ። ዳምጠው የቀረውን እርጥብ ለመፈለግ ሲቆፍር አንድ እግሩ ስንጥቁ ውስጥ ገባና ተሰበረ። ወድቆ ቀረ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ወደ ምንጯ ሂጂ፤ ራስሽን አድኚ፣ ለኔም በቅሉ አምጪልኝ» አላት።

«በየት ልሂድ?»

«ዋርካው ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ ትታጠፊያለሽ።»

«የትኛው ዋርካ?»

«ትልቁ።»

«ትልቅ ዋርካ ምን ያህል ነው አባዬ?»

ዳምጠው በኩምቢው መጠኑን ሊያሳያት ሞከረ። መንገዱን የሚያውቀው እግሩ ነው፤ አፉ አያውቀውም። ይህን ያወቀው እግሩ ከተሰበረ በኋላ ነው።

አለኝታ ወደ ስጦታዎቿ ዞረች። «ከዚያ የመጣችሁ እናንተ ናችሁ። መንገዱን ንገሩኝ» አለቻቸው።

ቃጭሉ «እኔ መንገዱን በሙሉ ስጮህ ነው የመጣሁት፤ ከራሴ ድምፅ ሌላ የሰማሁት የለም» አለ።

መስታወቱ «እኔ ፊቴ የቆመውን ብቻ ነው የማየው። ያየሁት የአባትሽን የደከመ ፊት ነው» አለ።

ቅሉ «እኔ አፌ ተወትፎ ነው የመጣሁት። ውሃውን አመጣሁልሽ፤ መንገዱን ግን ማን ያሸክመኛል?» አለ።

ዳምጠው ሰማ። አለቀሰ። አለኝታ ቃጭሉንና መስታወቱን አጠገቡ አስቀምጣ፣ ቅሏን ይዛ፣ ወደማታውቀው ሄደች።

አንድ ቀን ጠበቃት። ሁለት ቀን ጠበቃት። አምስት ቀን ጠበቃት። በስድስተኛው ቀን የመጣችው ጦጣዋ ናት፤ ቅሉን ታቅፋለች።

«ልጄስ?» አላት።

«በሕይወት አለች። በማይሆነው ዋርካ ታጥፋ፣ እግሯ ተልጦ፣ ወድቃ የሌላ አገር ዝሆኖች አገኟት። መንጋውን ከፊት ሆኖ ይመራ የነበረው ዕድሜው ከእሷ የሚያንስ ልጅ ነው። አሁን የባዕድ ጭራ ይዛ መሄድ ጀምራለች።»

«ትመጣለች?»

«ሦስት ጊዜ ያልሄደን ልጅ ብቻውን አይለቁም፤ መንጋውም በድርቅ ከምንጯ አይርቅም። እኔ የመጣሁት በዛፍ ለዛፍ ነው፤ የኔ መንገድ ለእሷ አይሆናትም። ‹ከፊት የምሆን ዕለት እመጣለሁ በይው› ብላ፣ ይህን ሞልታ ላከችልህ።» ጦጣዋ ያን ቀን ፍሬ አልጠየቀችም። ፊቱን ማየት አቅቷት ነበር።

ዳምጠው ቅሉን ተቀበለ። «ልጄ ስትሞላህ ምን አለች?» አለው።

«አፌ ተወትፎ ነው የመጣሁት» አለ ቅሉ።

ውሃው ምላሱን አርሶ አለቀ። ልጁ ከፊት እስክትሆን ሁለት ዓመት እንዲቆይ አንድ ቅል ውሃ አይበቃውም ነበርና፣ ዳምጠው ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አለኝታ መጣች። መንጋው ከኋላ፣ እሷ ከፊት። ቃጭሉ «ውሰጂኝ» አላት። መስታወቱ «እዪኝ» አላት። ቅሉ «ሙዪኝ» አላት። ሁሉንም አልፋቸው ሄደች። የአባቷ አጥንት ዘንድ ደርሳ፣ ጭራው የነበረበትን ፈልጋ አገኘች፤ ያንን በኩምቢዋ ይዛ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመች። የትም የሚወስዳት አልነበረም።

ለልጃችሁ ያመጣችሁላት ሁሉ ቤት ይቀራል፤ አብራችሁ የሄዳችሁት መንገድ ግን ከእግሯ አይወጣም።

እኔ ጨረስኩ። አፌን ማበሻ ዳቦ አልጠይቃችሁም። ነገ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡና፣ ተረቴን በመንገድ ላይ መልሱልኝ።