የእመት ቆሮሶ አፍና የአባ ሽፈራው ዱቄት

ዛሬ ላሟን በበረቷ እንተዋት። እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «የዓሣ ቤት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ዓሣ በሚያማበት፣ ቱቦም መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ውስጥ እመት ቆሮሶ የምትባል ዓሣ ትኖር ነበር። ወሬኛ ናት። ወሬ ከጀመረች ወንዙ ይደርቃል እንጂ እሷ አታበቃም። ግን የቆሮሶ ወግ ነውና እንቁላሏን የምታሳድገው በአፏ ውስጥ ነው። እንቁላሏን ጥላ፣ በአፏ ለቅማ፣ ሃያ ቀን ሙሉ አፏን ትዘጋለች። ጎረቤቶቿ የሚያርፉት ያን ጊዜ ብቻ ነው ይባላል።

ከወንዙ በላይ አንድ የልብስ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ጨርቅ ያጥባል፤ እጣቢው በቱቦ ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ ኩሬው ሲሞላ ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ጨርቁ ደግሞ የጥጥ ሳይሆን የፕላስቲክ ክር ነውና፣ ከእጣቢው ጋር በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ብናኞች ይወርዳሉ። ባለፈው ዓመት እመት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ እንደያዘች ብናኞቹ ጉሮሮዋ ገቡ። አሳላት። አንዴ ብቻ ሳለች፤ ልጆቿን ሁሉ ውሃ ወሰዳቸው። አለቀሰች። ውሃ ውስጥ ያለቀሰ ግን ማን ያይለታል?

ዘንድሮም ሆዷ ሞልቷል። ልትጥል ሦስት ቀን ቀርቷታል።

ወደ ቱቦ ሄደች። «አቶ ቱቦ፣ በሞቴ፣ እነዚህን ብናኞች አትልቀቅብኝ!»

«እኔ መንገድ ነኝ፤» አለ ቱቦ እየተንቆረቆረ። «መንገድ ደግሞ መንገደኛውን ወዴት ትሄዳለህ አይልም።»

ወደ ወንፊት ሄደች። ወንፊት በኩሬው መውጫ ላይ ተወጥሮ የሚውል ጉረኛ ነው።

«ለእኔ ተዪው!» አላት። «ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ገና አልተወለደም!»

በመጀመሪያው ቀን ወንፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመ። አንድ ቅጠል ያዘ። አንድ ቆርኪ ያዘ። አንድ የጠፋች ካልሲ ያዘ። ብናኞቹ ግን እየሳቁ በመሐሉ አለፉ። «እግዜር ይስጥህ፣ በሩን ከፍተህ ስለጠበቅኸን!» አሉት።

እመት ቆሮሶ ዳር ሄዳ ማልቀስ ጀመረች። እዚያ ዳር፣ ከሽፈራው ዛፍ የወደቁ አንድ ደረቅ ሽማግሌ ፍሬ ነበሩ፤ አባ ሽፈራው ይባላሉ።

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አሏት።

ባጭሩ ልትነግራቸው ጀምራ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጨረሰች።

«ብናኝን ለብቻው የሚይዝ ወንፊት የለም፤» አሉ አባ ሽፈራው። «መጀመሪያ ማሰባሰብ ነው።»

«አባባ፣ እነሱ እኮ አይሰበሰቡም! አንዱ አንዱን ሲያይ ይሸሻል። ‹አትንካኝ፣ እኔ ከሙሽራ ቀሚስ የወረድኩ ነኝ› ይላል። ያኛው ደግሞ ‹አንተ ራስህ ወዲያ በል፣ እኔ የኮት ወገን ነኝ› ይላል።»

አባ ሽፈራው ሳቁ። «በዘር ለሚኮራ መድኃኒቱ ዘር መቁጠር ነው። ሰባት ቤት ይቆጠር፣ ዘመድ ያልሆነ ካለ እኔ ሽፈራው አይደለሁም! ብቻ ለሁሉም እንድዳረስ ዱቄት ልሁን። የሚወቅጠኝ ፈልጊ።»

በሁለተኛው ቀን ጎረቤቷን አያ ጉማሬን ጠራችው። አያ ጉማሬ አንዴ ቢረግጣቸው አባ ሽፈራው ዱቄት ሆኑ። ዱቄት ሆነውም ምክራቸውን አላቋረጡም።

«ግማሼን ኩሬው ውስጥ በትን። መጀመሪያ ፈጠን አድርገህ አማስል፣ ከሁሉም ጋር ልተዋወቅ። ከዚያ ዝግ በል፣ ዘር እንቁጠር። ከዚያ ጭራሽ ቁጭ በል።»

አያ ጉማሬ ፈጠን የሚለውን ሰማ። የቀረውን አልሰማም። አባ ሽፈራው ብናኞቹን ይዘው «የማን ልጅ ነህ? እሱስ የማን ልጅ ነው?» እያሉ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ፣ አያ ጉማሬ በመሐል እየጋለበ በተናቸው።

«ኧረ ቀስ በል!» ጮኸች እመት ቆሮሶ።

«ይኸው ቀስ አልኩ!» ይላል፣ ይጋልባል።

በሦስተኛው ቀን የቀረው ዱቄት ግማሽ ነው። የእመት ቆሮሶ ሆድም ተወጥሯል፤ ከዛሬ አያልፍም። ፈራች። ፈርታ ስታስብ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ወሬ የሚሰማ ሰው እግሩ ይዘገያል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አያ ጉማሬ ዱቄቱን በትኖ ጥቂት እንደጋለበ ጠራችው።

«አያ ጉማሬ፣ አማትህ ስላንተ ያሉትን ሰምተሃል?»

እግሩ ዝግ አለ። «ምን አሉ?»

«ልነግርህ አይደል? መጀመሪያ ከማን እንደሰማሁ ልንገርህ። ከአምባዛ ነው። አምባዛ ከዔሊ። ዔሊ ደግሞ ከማን መሰለህ…»

አያ ጉማሬ ጆሮውን አቁሞ ቀስ፣ ቀስ እያለ ተራመደ። ከእግሩ ሥር አባ ሽፈራው ይቆጥራሉ። የቀሚስ አባት ጨርቅ፣ የጨርቅ አባት ክር፣ የክር አባት ፕላስቲክ… ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ባለቀሚሱ «ነዳጅ!» አለ። ባለኮቱም «ነዳጅ!» አለ።

«እንዴ! የእኔም ቅድመ አያት ነዳጅ ነው!»

«ወንድሜ!»

«እህቴ! እስከዛሬ የት ነበርሽ?»

አባ ሽፈራውን መሐል አድርገው ተቃቀፉ፤ ተላቀሱ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። አስር ሆኑ፣ መቶ ሆኑ፣ ጓል ጓል አከሉ። ዘመድ ሲሰበሰብ ደግሞ ይከብዳል።

«አሁን ቁጭ በል፣ ዋናው እዚህ ላይ ነው፤» አለች እመት ቆሮሶ። አያ ጉማሬ ቁጭ አለ። ኩሬው ረጋ። ዘመዳሞቹ እንደተቃቀፉ ወደ ታች ሰመጡ፤ ያልሰመጡት ወንፊት ላይ ሄደው ተለጠፉ። ወደ ወንዙ የወረደው ውሃ የጠራ ነበር።

«እና አማትህ ምን አሉ መሰለህ…» ብላ ሳትጨርስ ምጧ መጣ። ጣለች፣ ለቀመች፣ አፏን ዘጋች።

«ምን አሉ?!» አለ አያ ጉማሬ። ዝም።

ሃያ ቀን ዝም። ወንፊት ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ኩሬውን ብቻዬን አጠራሁት!» ይላል። እመት ቆሮሶ ትሰማለች። አንዲት «ውሸታም!» ብትል ልጆቿ ይሄዳሉ። አልተናገረችም፤ በጉሮሮዋ እያጉረመረመች ዋጠችው። ለእሷ ይህ ከምጡ ይብስ ነበር። አያ ጉማሬም «ዛሬ ትነግረኝ ይሆናል» እያለ ከኩሬው አልራቀም፤ አዲስ እጣቢ በወረደ ቁጥር ከዛፉ የወደቁትን ፍሬዎች እየረገጠ፣ ጆሮውን አቁሞ ቀስ ብሎ ያማስላል።

በሃያ አንደኛው ቀን አፏን ከፈተች። ሺህ ልጆች ተግተልትለው ወጡ። እናታቸው በጉሮሮዋ ስታጉረመርም ሃያ ቀን ሙሉ ሲሰሙ ከርመዋልና፣ የመጀመሪያ ቃላቸው በአንድ ድምፅ «ያጠሩት አባ ሽፈራው ናቸው!» የሚል ሆነ። ወንፊት አፈረ። የሚገባበት ቀዳዳ ግን አላጣም፤ ሁለመናው ቀዳዳ ነው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፤» አለ አያ ጉማሬ። «አማቴ ምን አሉ?»

«‹ረጋ ቢል ኖሮ ደህና ልጅ ነበር› አሉ።»

«ይኼን ለመስማት ነው ሃያ ቀን የተቀመጥኩት?»

«ታዲያስ፣ ረጋህ አይደል?»

ዘመዳሞቹም በፋብሪካው ሠራተኞች ከኩሬው ሥር ከነዝቃጫቸው ተዝቀው፣ ደርቀው የፋብሪካው አጥር ጡብ ሆኑ። ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ዛሬም ዘር ሲቆጥሩ ይሰማቸዋል ይባላል። ከዚያ ወዲህም «ጉራው የወንፊት፣ ሥራው የዱቄት» ተብሎ ተተረተ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርና የጠራ ውሃ ቅዱልኝ።